ዳለቻና የቀጫጮቹ ማኅበር

አንድ ጊዜ፣ አህያ ገና የሰው ደጅ ሳትለምድ፣ ዙሪያውን ገደል በሆነ አንድ አምባ ላይ ብዙ አራዊት አብረው ይኖሩ ነበር። ክረምት ሲሆን አምባው ላይ ሣሩ ይትረፈረፋል፣ ምንጩም ይሞላል፤ ማንም ማንንም አያስቸግርም። በጋው ሲገፋ ግን ሣሩ ይደርቃል፣ ምንጩ ይነጥፋል፣ ያን ጊዜ ሁሉም ወደ ቆላው ወንዝ መውረድ አለበት። መውረጃው ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ሁለት ትልልቅ ቋጥኞች ተጠጋግተው ቆመው በመካከላቸው ጠባብ በር ትተዋል። በዚያ በር ያለፈ ከወንዙ ይደርሳል፣ ያላለፈ አምባው ላይ ይቀራል። የቀረው ምን እንደሚሆን ለልጆች አይነገርም ነበር። አያ ጅቦ ግን ያውቃል።

በዚያ አምባ ላይ ዳለቻ የምትባል አህያ ትኖር ነበር። ስሟን ያወጣላት አመድ የሚመስለው ጠጉሯ ነው። ትሑት፣ ሰላምተኛ፣ «እምቢ» የሚል ቃል ከአፏ ወጥቶ የማያውቅ እናት ነበረች። ወፍራምም ነበረች፤ እውነቱ መነገር ስላለበት ነው።

ዝም ብላ ግን አልወፈረችም። ሁለት በጋ ወደኋላ፣ የበኩር ልጇን በወለደችበት ዓመት ሣሩ ሳይታሰብ ቀድሞ ደረቀና ጡቷ ነጠፈ። ውርንጭላው ባዶ ጡት ሲስብ ሰነበተ፣ ሲስብ ሰነበተና አንድ ቀን ጠዋት ከእግሯ ሥር እንደተኛ ቀረ። ዳለቻ ስለዚህ ነገር ለማንም አልተናገረችም። አጎንብሳ መጋጥ ጀመረች። ሣር ባየች ቁጥር ትግጣለች፣ ጠግባም ትግጣለች፣ ጎረቤት ሲያወራት እንኳ እያላመጠች ነው የምትሰማው። ዳግመኛ ጡቴ አይነጥፍም ብላ ለራሷ ምላለች። ከዚያ ወዲህ የምትበላው ርቧት ሳይሆን ፈርታ ነበር።

ባለፈው በጋ በሩ ላይ ስትደርስ ጎንና ጎኗ ተልጦ፣ ከኋላ በግፊያ ነበር ያለፈችው። «ርጉዝ ስለሆነች ነው፤ ስትወልድ ይጎድላል» ተባለ። ወለደችም። የፊተኛውን ያስረሳኛል ብላ ልጁን ማስረሻ አለችው። ሆዷ አልጎደለም፤ የፊተኛውም አልተረሳም።

ክረምቱ ሲወጣ ማስረሻ አጠገቧ እየቦረቀ፣ «እማዬ፣ ያን በር እኔ ዘልዬ ነው የማልፈው! አንቺስ ታልፊያለሽ?» አላት።

ልጅ ነውና አፉ ላይ የመጣውን ነው የጠየቀው። ለዳለቻ ግን ያን ቀን የጠጣችው ውኃ እንኳ አልወረደላትም። እሷ ከቀረች ይህ ልጅ ጥሏት አይሄድም። ካልሄደ ደግሞ የሚጠብቀውን ታውቃለች። ስለዚህ መክሳት አለብኝ አለች።

በመጀመሪያ ብቻዋን ሞከረች። ጠዋት «ዛሬ እስከ ማታ አልቀምስም» ብላ ትነሣለች፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ አፏ ሣር ውስጥ ተቀብሮ ታገኘዋለች። መቼ እንደጀመረች እንኳ አታውቅም። ለብቻ እንደማይሆንላት ስትረዳ ማኅበር ልግባ አለች። በአምባው ላይ ለመክሳት የሚሰበሰቡ ሁለት ማኅበሮች ነበሩ።

አንደኛው የአያ ኤሊ ነው። ዳለቻ ጎሕ ሲቀድ ከበሩ አጠገብ ሄዳ አገኘቻቸው። አያ ኤሊ፣ አንዲት ከርከሮና አንድ ሽማግሌ ጃርት፣ በቃ ይኸው ነው ማኅበሩ። ዳገቱን ወጥተው ወርደው ሲያለከልኩ ነበር የደረሰችባቸው።

«እንደምን አደራችሁ፤ ስለ ማኅበራችሁ ሰምቼ ነው የመጣሁት» አለች።

«ደህና መጣሽ። ግቢና ሞክሪ» አላት አያ ኤሊ።

«የት ልግባ?»

«በሩ ውስጥ ነዋ። እስከየት እንደምታልፊ እንየው።»

ዳለቻ ደነገጠች። በሰላም አገር እንግዳ ሲመጣ «እረፊ፣ ቅመሺ» ነው የሚባለው። እነዚህ ውኃ እንኳ አላሏትም። ይሁን ብላ ራሷን በቋጥኞቹ መካከል አስገባች። አንገቷ አለፈ፣ ትከሻዋ አለፈ፣ ሆዷ ላይ ሲደርስ ድንጋዩ ያዛት። እየተላጠች ወደኋላ ወጣች። ማንም አልሳቀባትም። «አይዞሽ»ም ያላት የለም።

አያ ኤሊ በጥፍሩ ድንጋዩ ላይ ያረፈውን ጠጉሯን ነካ አድርጎ አየና፣ «ብዙ ይቀርሻል፤ ጊዜም አለሽ» አላት። ቀጥሎም፣ «እኔ ልብሴ ድንጋይ ነው፤ አልወፍርም፣ አልከሳም። እዚህ የምቆመው ጓደኛዬ ጎሽ እዚህች በር ላይ ሲቀር በዓይኔ ስላየሁ ነው። እኛ የምንለካው በበሩ ነው። እና አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ስትበዪ ርቦሽ ነው ወይስ ፈርተሽ?» አላት።

ያ ከእግሯ ሥር ተኝቶ የቀረው ውርንጭላ ዳለቻ ፊት ድቅን አለባት። ብታለቅስ ደግ ነበር። እሷ ግን ጆሮዋን ወደኋላ ጥላ፣ «ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ጥያቄ ነው?» አለች።

«ዛሬ ባትመልሺው ግድ የለም። ነገ ግን ነይ።»

ከርከሮዋም፣ «እኔም የመጀመሪያ ቀን ተቀይሜ ሦስት ቀን አኩርፌ ነበር። አንቺ ግን ነገ ነይ እህቴ» አለቻት።

«እመጣለሁ» አለች ዳለቻ፤ እምቢ ማለት አታውቅማ። በመንገዷ ላይ ግን፣ ማኅበር ነው ወይስ ፍርድ ቤት እያለች አጉረመረመች። ቤቷ ደርሳም ከወትሮው እጥፍ በላች።

ሁለተኛው ማኅበር የእመት ቀበሮ ነው። ሾላው ጥላ ሥር ይሰበሰባል፤ ስሙም የቀጫጮች ማኅበር ይባላል። ስሙን ሰምቶ አባላቱን ያየ ግን ግራ ይገባዋል። ጥንቸሏ ከመወፈሯ የተነሣ ጆሮዋ አጥሮ ይታያል፣ ጅግራዋ ከመብረር መንከባለል ይቀላታል፣ ድኩላውም ሆዱ ሣሩን ይጠርጋል። ቀጭን ብትኖር እመት ቀበሮ ብቻ ናት።

ዳለቻ ገና ብቅ ስትል እመት ቀበሮ ተነሥታ፣ «ኧረ ቦታ ልቀቁላት! እንኳን ደህና መጣሽ የኔ እህት! ወፍራም ነኝ ብለሽ ነው የመጣሽው? ማነው እንዲህ ያለሽ? አጥንትሽ ነው እንጂ ትልቅ!» አለቻት።

ዳለቻ ይህን ሰምታ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከረጅም ጊዜ በኋላ አንድ ሰው ደስ የሚል ነገር ነግሯታል።

ስብሰባው በለቅሶ ተጀመረ። ጥንቸሏ ጎመንን ረገመች፣ ጅግራዋ ስንዴን ረገመች፣ ድኩላው ቅጠል የሚባለውን ሁሉ ረገመ። ዳለቻም ተራዋ ሲደርስ ሣርን ረገመች። ለምን እንደምትበላ ግን የጠየቃት አልነበረም፤ እሷም ደስ አላት። ከዚያ እመት ቀበሮ አንድ ሐረግ አምጥታ በሆዷ ዙሪያ ጠመጠመችና ጫፍና ጫፉን ገጠመች። «ይኸው ልክሽ ነው። በሚመጣው ስብሰባ ጫፉ ከተረፈ፣ የተረፈውን ያህል ከስተሻል ማለት ነው» አለቻት። ዳለቻ የሰው ልክ እንዲህ በቀላሉ መታወቁ ገረማት።

ሊበተኑ ሲሉ ጅግራዋ አንድ እቅፍ የገብስ እሸት ከጥሻ ሥር አወጣች። ለካ ማኅበርተኛው በየተራ ይደግሳል።

«ለመክሳት አይደል እንዴ የተሰበሰብነው?» አለች ዳለቻ ቀስ ብላ።

«እሱማ ከነገ ጀምሮ ነው! ባዶ አፍ እንዴት ይለያያል? ደግሞ ተረኛዋ ደክማበታለች፤ አትቅመሱ ልትባል ነው?» አለች እመት ቀበሮ። ከእሸቱም ጨብጣ፣ «በሞቴ! አንዴ ብቻ!» ብላ አፏ ላይ ደገነችው።

በሞቴ ከተባለ ወዲያ ምን ይባላል? ዳለቻ በጨዋ ደንብ ያደገች ናት፤ ጎረሰች። «የእሷን ተቀብለሽ የኔን ልትመልሺ?» አለች ጥንቸሏ፤ የሷንም ጎረሰች። ድኩላው «እኔስ ባዳ ነኝ?» አለ፤ የሱንም ጎረሰች። ጅግራዋ በመጨረሻ «ያለኔ ጉርሻማ ድግሱ አይባረክም» አለች።

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ አያ ኤሊ በሩ ላይ ጠበቃት። ዳለቻ አልሄደችም። የእነ እመት ቀበሮን እሸት በልታ እንዴት ከሌላ ማኅበር ትሄዳለች? ምን ይሏታል?

እመት ቀበሮ በዚህ ሁሉ ምን አገኘችበት ትሉ ይሆናል። ከአያ ጅቦ ጋር ቃል ተገባብታ ነበር። አምባው ላይ ከሚቀረው ሥጋው ለእሱ፣ ጉበቱና ኩላሊቱ ለእሷ። ጥንቸል ቢወፍር ያው ጥንቸል ነው፣ በሩ አይዘውም። ጅግራም ክንፍ አላት፤ ድኩላም ቢሆን ትንፋሹን ቢውጥ ያልፋል። ለእነሱ ማኅበሩ ጨዋታ ነበር። ለዳለቻ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነበር፤ ይህንን ደግሞ ከእመት ቀበሮ በስተቀር ልብ ያለው አልነበረም።

በሁለተኛው ስብሰባ ሐረጉ ሲጠመጠም ጫፉ ጣት የሚያህል ተረፈ። ሾላው ሥር እልልታ ሆነ። በሦስተኛው ከዚያ የበለጠ ተረፈ። ዳለቻ ወደ ቤቷ ስትመለስ ጭራዋን እየወዘወዘች ነበር። ማስረሻ ግን ሐረጉን አይቶት ኖሮ፣ «እማዬ፣ የባለፈው ሐረግ ደርቆ ነበር እኮ። የዛሬው እርጥብ ነው» አላት።

«ታዲያስ?»

«ሌላ ሐረግ ነው ማለት ነው።»

«ዝም በል! በትልልቅ ሰዎች ማኅበር ልጅ አይገባም» ብላ ተቆጣችው። ተቆጥታው አታውቅም ነበርና ሁለቱም ደነገጡ። ማስረሻ ጡቷ ሥር ገብቶ ጠባ፤ እሷም አንገቱን ላሰችው፤ ነገሩ በዚያው ቀረ።

አንድ ቀን አያ ጅቦ ራሱ ማኅበሩን ልግባ ብሎ መጣ። እመት ቀበሮ ብቻህን ጠብቅ ብትለው ሆዱ አላስችል ብሎት ነው። ሁሉም ሲርበደበድ እመት ቀበሮ፣ «አትፍሩ፤ አያ ጅቦም እንደናንተ መክሳት ፈልጎ ነው። ጥርሱን ለጾም ሰጥቷል» አለች።

አያ ጅቦ ከዳለቻ ፊት ለፊት ተቀመጠና ለሐጩን እያዝረበረበ ከላይ እስከ ታች አያት። «እሷማ መክሳት የለባትም! እንዲህ እንዳማረባት ብትቆይ…» ብሎ ሳይጨርስ እመት ቀበሮ እግሩን ረገጠችው።

«አየሽ? ጅብ እንኳ አማረባት አለሽ!» አለቻት።

ዳለቻ ከት ብላ ሳቀች። ከልብ የሳቀችበት የመጨረሻ ቀን እሱ ነው።

ምንጩ መቅጠን ሲጀምር መንገድ ላይ ከርከሮዋን አገኘቻት። ከርከሮዋ ጎኗ ገብቶ፣ አካሄዷ ቀልሎ ነበር። «ሐረጉን ተይውና በሩን አንዴ ሞክሪው፤ ገና ጊዜ አለሽ» አለቻት። ይህ ነገር ዳለቻን እንቅልፍ ነሣት። በማግሥቱ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታ ወደ በሩ ወረደች። ከርቀት አያ ኤሊን አየችው። ዳገቱን ጨርሶ ድንጋዩ ሥር ቆሟል። አሁን በምን ፊቴ? «እመጣለሁ» ብዬ ቀርቼ፣ ስንት ጎሕ አስጠብቄው፣ አሁን በምን ፊቴ እሄዳለሁ? እያለች እግሯ ተያዘ።

አያ ኤሊ አያት። «ዳለቻ! ነይ!» ሲል ተጣራ።

«የለም፣ ሣር ፍለጋ ነው የመጣሁት!» ብላ ጮኸች። እውነት እንዲመስልላትም አጎንብሳ ደረቅ ሣር ነጨች። ከዚያ ተመለሰች። አያ ኤሊ እግሩ ደርሶ አይከተላትም፤ እስክትሰወር ድረስ አንገቱን አውጥቶ አያት።

ከዚያ በኋላ ምንጩ ደረቀ። ጭቃውም ተሰነጠቀና አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አምባው ሁሉ ተነሥቶ ወደ በሩ ወረደ። ጃርቱ አለፈ። ከርከሮዋ ድንጋዩ ሳይነካት አለፈች። ጥንቸሏ ሾልካ፣ ጅግራዋ ከላይ በርራ፣ ድኩላውም ትንፋሹን ውጦ አለፈ። ዳለቻ ልጇን በአፍንጫዋ ገፋ አድርጋ፣ «አንተ ቅደም፣ እኔ ከኋላህ ነኝ» አለችው። አልፈራችም። ባለፈው ስብሰባ ሐረጉ ክንድ ሙሉ ተርፎ ነበራ።

ማስረሻ ዘልሎ አለፈ። ዳለቻ ገባች። አንገቷ አለፈ። ትከሻዋ ላይ ድንጋዩ ያዛት፤ ያን ጎሕ ትከሻዋ አልፎ ነበር። ገፋች። ከኋላ ጎረቤት ገፋት። ድኩላው ከወዲያ ማዶ «ነይ! ነይ!» ይላታል። ከርከሮዋ ጆሮዋን በጥርሷ ይዛ ሳበች። ቆዳዋ ተላጠ፣ ደሟ ድንጋዩን አረጠበው፣ እሷ ግን አንድ ስንዝር አልተንቀሳቀሰችም። ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነው፤ ከኋላዋ የሚያልፉ አሉ። ወደኋላ ጎትተው አወጧትና ሁሉም በየተራ በአጠገቧ አልፎ ወረደ። አንዳንዱ ዓይኗን ላለማየት አንገቱን ደፍቷል።

በመጨረሻ እመት ቀበሮና እሷ ብቻ ቀሩ። ዳለቻ፣ «ሐረጉስ?» አለቻት። «ክንድ ሙሉ ተርፎ አልነበረም እንዴ?»

«ሐረግማ ሞልቷል» አለች እመት ቀበሮ። «ጫካው ሙሉ ሐረግ ነው።» ይህን ብላ አያ ጅቦን ልትጠራ ወደ ላይ ሮጠች።

ያን ጊዜ ዳለቻ ገባት። ልጇ ያየውን እሷ ማየት አልፈለገችም ነበር። በሩ ሥር ቆማ አለቀሰች፤ ያን ጎሕ ያላለቀሰችውን ጭምር አለቀሰች።

ማዶው ላይ አያ ኤሊና ማስረሻ ቀርተው ነበር። ማስረሻ ወደ እናቱ ሊመለስ ሲል አያ ኤሊ እግሩ ላይ ተቀምጦበታል። ዳለቻ አፏን በሩ ውስጥ አስገብታ፣ «አያ ኤሊ፣ አንድ ነገር ጠይቀውኝ ነበር» አለች።

«ጠይቄሽ ነበር።»

«ፈርቼ ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ርቦኝ አያውቅም። የፊተኛው ልጄ ባዶ ጡት እየሳበ ነው የሞተብኝ።»

አያ ኤሊ ሊላት የሚችለው ነገር ሁሉ ጊዜው አልፎበታል። «ሰማሁሽ ልጄ» አላት። «ሰማሁሽ።»

ከላይ የአያ ጅቦ ጩኸት ተሰማ። ማስረሻ፣ «እማዬ፣ እመጣለሁ! ካንቺ ጋር እሆናለሁ!» አለ።

ዳለቻ አሰበች። በሩ ለእሷ ጠባብ ይሁን እንጂ ለጅብ ይበቃዋል። ማታውን ያልፍና የልጁን ዱካ ይከተላል። ያን ጊዜ ወደኋላ ፈቀቅ አለች። ዞረች። ፊቷን ወደ አምባው፣ ጀርባዋን ወደ በሩ አደረገችና በፊት እግሮቿ እየገፋች ወደኋላ ገባች። ዳሌዋ አለፈ። ሆዷ ላይ ሲደርስ ድንጋዩ ግራና ቀኝ ያዛት። እሷም ይበልጥ ገፋችና በሩን ሞላችው።

«ማስረሻ» አለች፣ «ና ጥባ።»

ጡቷ ማዶ ላይ ነበር። አያ ኤሊ እግሩን ለቀቀለትና ማስረሻ ቀርቦ ጠባ። ወተቱ ሙሉ ነበር፤ ዓመቱን ሙሉ የበላችው ሁሉ እዚያ ነበር።

«እማዬ፣ ፊትሽ አይታየኝም» አለ።

«ግድ የለም፤ አንተ ጥባ።»

ከፊቷ ደረቁ ሣር መንቀሳቀስ ጀመረ። የአያ ጅቦ ጆሮዎች ብቅ አሉ። ዳለቻ ድምፅዋ እንዳይሰበር እየተጠነቀቀች፣ «ጠገብክ?» አለችው።

«ጠገብኩ።»

«እውነትህን ነው?»

«አዎ እማዬ፣ ተርፎኛል።»

«እንግዲያስ ከአያ ኤሊ ጋር ሂድ። እሳቸው ቀስ ብለው ነው የሚሄዱት፤ አትቅደማቸው። ወደኋላም አትይ። የሚጠይቁህን ነገር መልስላቸው፣ እሺ? እንደኔ አትሁን።»

የልጇ ኮቴ ድንጋዩ ላይ ቋ ቋ ሲል ሰማች። ራቀ፣ ይበልጥ ራቀ፣ ከዚያ የወንዙ ድምፅ ዋጠው። ዳለቻ ጆሮዋን አቁማ እስከ መጨረሻው አዳመጠች። ጠፍቶ ሲያልቅ አያ ጅቦ ፊቷ ቆሟል። አልሸሸችም፤ መሸሻም አልነበራትም።

ያን ምሽት በበሩ ያለፈ ጅብ አልነበረም። አያ ጅቦ ሆዱ ሲያዘው የሚያስበው ነገር ስለሌለ፣ ጉበትና ኩላሊት ለማን እንደሆነም ረሳ፤ ልጅ እንዳላትም ረሳ። እመት ቀበሮ «ድርሻዬስ?» ብትል የሰማት የለም። ሲጨርስ ሆዱ ተነፍቶ እዚያው በሩ አፍ ላይ ተጋደመና ለቀናት አንቀላፋ። እመት ቀበሮ በላዩ ዘልላ እንዳታልፍ ፈራች፤ እንዳትመለስ ምንጩ ደርቋል። አያ ጅቦ ተርቦ ሲነቃ አጠገቡ ያገኘው እሷን ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ እመት ቀበሮን ወንዝ ዳር ያየ የለም።

ክረምት ሲገባ አራዊቱ ሁሉ ወደ አምባው ወጡ። ማስረሻ በሩ ላይ ሲደርስ ድንጋዩ ላይ የቀረውን አመድማ ጠጉር አየ። አጠገቡ ቆመ፣ አሸተተው። ጥንቸሏም ጅግራዋም ድኩላውም ከኋላው ቆመው ነበር፤ «እኛ እኮ አላወቅንም» አሉት። አልተቆጣቸውም። አላወቁም ነበር፤ አልጠየቁም ነበርና።

ከዚያ ወዲህ ማስረሻ ጎሕ በቀደደ ቁጥር ከአያ ኤሊ ጋር በሩ ላይ ይቆማል። አዲስ የመጣውን አያ ኤሊ እንደ ወትሮው ይጠይቀዋል፦ «ስትበላ ርቦህ ነው ወይስ ፈርተህ?» መልሶ የሚቀር አለ፤ ተቀይሞ የሚሄድም አለ። ተቀይሞ ለሄደ ግን አያ ኤሊ አሁን «ነገ ና» ብቻ ብሎ አይተወውም። ማስረሻን ያየዋል፤ ማስረሻም ከሄደው ኋላ ይሄዳል። ቤቱ ድረስ ይከተለዋል፣ ደጁ ላይ ይቆማል፣ ምንም ሳይናገር እስኪወጣ ይጠብቀዋል።

ከዚህ የምንማረው፣ የከበደንን የሚያቀልልን ማኅበር ስንመርጥ «በሞቴ» እያለ የሚያጎርሰንን ሳይሆን ቢያስከፋንም ያመመንን የሚጠይቀንን መምረጥ እንዳለብን፣ የጠየቀንም ጊዜው ሳያልፍ ለመመለስ ማፈር እንደሌለብን ነው።